ኒዮቪም፣ ኢማክስ ወይስ ቪኤስ ኮድ? የፋይሉን ዓይነት ቀድሞ የሚያውቀው የትኛው ነው

ሦስቱም የኮድ መጻፊያ ፕሮግራሞች (ኤዲተሮች) በነፃ ይወርዳሉ፤ የሚያስከፍሉን ሰዓት ነው። እዚህ የማወዳድራቸው በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፦ ፕለጊኖች (ኤዲተሩ ላይ የሚጨመሩ ተቀጥላ ፕሮግራሞች) ሲፈለጉ ብቻ እንዲጫኑ ካደረግን፣ የከፈትነው ፋይል ምን እንደሆነ ለኤዲተሩ ማን ይነግረዋል? መፈተኛዬ ባዶ የቴራፎርም (ሰርቨሮችንና የመሳሰሉትን በኮድ ማዘጋጃ መሣሪያ) ፋይል ነው፤ ቅጥያው፣ ማለትም የስሙ መጨረሻ፣ ቲኤፍ (.tf)።

ኒዮቪም ላይ ነገሩ ይከብዳል። ሌዚ (lazy.nvim) በተባለው የፕለጊን አስተዳዳሪ የቴራፎርም ፕለጊኑን «ፋይሉ ቴራፎርም ሲሆን ተጫን» ብላችሁታል እንበል። ቲኤፍ ግን ታይኒፊዩግ የተባለ የቆየ ፕሮግራምም ቅጥያ ስለሆነ፣ ኒዮቪም የሚወስነው የፋይሉን ውስጥ አይቶ ነው። ባዶ ከሆነ፣ ወይም መስመሮቹ ሁሉ በ«/» ምልክት ከጀመሩ፣ «ቲኤፍ» ብሎ ይሰይመዋል። ቴራፎርም የሚለው ስም ስላልተጠራ ፕለጊኑ አይነሳም። መፍትሔው ከ0.7 ስሪት (2022) ጀምሮ ያለው ቪም.ፋይልታይፕ.አድ (vim.filetype.add) የተባለ ተግባር ነው፤ ቲኤፍ ሁልጊዜ ቴራፎርም እንዲባል በአንድ መስመር ያስመዘግባል። መስመሩ የሚቀመጠው ግን ኤዲተሩ ሲነሳ በሚነበበው ዋና ማዋቀሪያ ውስጥ ነው። ዘግይቶ በሚጫነው ፕለጊን ማዋቀሪያ ውስጥ መጻፍ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መቆለፍ ነው። ፕለጊኑ የፋይል ዓይነት የሚለይበት የራሱ ኤፍቲዲቴክት (ftdetect) ፎልደር ካለውም ልብ በሉ፦ በፋይል ዓይነት እንዲጫን ከታዘዘ ሌዚ ፎልደሩን ቀድሞ ያነበዋል፤ በትእዛዝ እንዲጫን ከሆነ ግን አያነበውም።

ኢማክስ ቴራፎርምን የሚለየው በፋይሉ ስም ነው፤ ባዶነቱ አያሳስተውም። ከኢማክስ የፓኬጅ ማከማቻ የወረደ ቴራፎርም ሞድ (የኢማክስ የቴራፎርም ፕለጊን) ቅጥያውን የሚያስታውቅ አጭር መግለጫ ይዞ ይመጣል፤ ዋናው ኮድ የሚጫነው ፋይሉ ሲከፈት ነው። በእጅ ላወረዳችሁት ሞድ ግን ከ29ኛው ስሪት ጀምሮ አብሮ በሚመጣው ዩዝ ፓኬጅ (use-package) በተባለው የፕለጊን ማዋቀሪያ ቅጥያውን ራሳችሁ አስመዝግቡ።

ቪኤስ ኮድ ቅጥያው የተጻፈበትን የኤክስቴንሽኑን (የፕለጊኑን) መግለጫ የሚያነበው ኮዱን ሳያስነሳ ነው። ቢሳሳት እንኳ ከታች በቀኝ የቋንቋውን ስም ተጭኖ ማረም ይቻላል።

ማዋቀሪያ መንከባከብ ለማይፈልግ ሰው ያለማመንታት ቪኤስ ኮድን እመክራለሁ። ኢማክስን ለለመደው ሰው በዚህ ምክንያት መቀየር አያስፈልገውም። ሥራችሁ ሰርቨር ላይ በተርሚናል ከሆነ ኒዮቪምን ውሰዱ፤ መስመሯን ከጻፋችሁ በኋላ ባዶ የቲኤፍ ፋይል ከፍታችሁ «ሴት ፋይልታይፕ?» (:set filetype?) ብላችሁ ጠይቁት። «ቲኤፍ» ብሎ ከመለሰ መስመሯ ያለችው ዘግይቶ በሚነበብ ቦታ ነው።