ቤዝ ጊታር፦ በቀጥታ ኬብል ወይስ ከአምፕ (ከድምፅ ማጉያ) በማይክ?

ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራም ሆነ መጋላ ሰፈር፣ ቆርቆሮ ክዳን ባለው ክፍል ቤዝ ለሚቀዳ ሰው ቀጥታው ይሻላል። ኬብሉን ሳውንድ ካርዱ (ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው መሣሪያ) ላይ «ኢንስትሩመንት» በሚለው ይሰኩት፤ «ላይን» ላይ ከገባ የፓሲቭ (ባትሪ የሌለው) ቤዝ ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል። ጠንከር ብሎ ሲመታ የድምፁ ከፍተኛ መጠን በመቅጃው መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 10 ዴሲቤል ይሁን። ደግሞ ቬንትሌተር ሳይጠፋ ይቀዳል፤ በድሬ ሙቀት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም!

የአምፕ ድምፅ ሞላ ይላል። ማይኩ ከስፒከሩ 5 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ በመሃሉና በጠርዙ መካከል ይቁም። ጣጣው ክፍሉ ነው፦ የወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ሞገድ ከ8 ሜትር ስለሚበልጥ፣ 3 በ4 ክፍል ውስጥ አንዱ ኖታ ያጓራል፣ ሌላው ይጠፋል። ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ የባጃጅ ጡሩምባም ይገባል።

ሁለቱን አንድ ላይ ከቀዱና ማይኩ 30 ሳንቲ ሜትር ከራቀ፣ የማይኩ ትራክ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይዘገያል፤ የሁለቱን ትራኮች ሞገዶች ስክሪኑ ላይ አቅርበው እያዩ ያጋጥሟቸው፣ አለዚያ ድምፁ ይሳሳል።