የአሸዋ ላይ ወይስ የአዳራሽ መረብ ኳስ?

የመረቡ ከፍታ በሁለቱም አንድ ነው፤ ለወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር። በአዳራሽ ስድስት ስድስት ሆነው በ18 በ9 ሜትር ሜዳ ሲጫወቱ፣ በአሸዋ ላይ ግን ሁለት ሁለት ሆነው፣ ያለ ተቀያሪ፣ በ16 በ8 ሜትር ሜዳ ይፋለማሉ።

ኳስን መረብ ላይ ለማገድ የተደረገ ንክኪ በአዳራሽ አንድ ቡድን ኳሱን ወደ ማዶ ከመመለሱ በፊት ከተፈቀዱለት ሦስት ንክኪዎች አይቆጠርም፤ በአሸዋ ላይ ስለሚቆጠር የሚቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ኳስን በጣት ጫፍ ገፋ አድርጎ ወደ ማዶ መጣልም በአሸዋ ላይ ጥፋት ነው፤ ለአዳራሽ ተጫዋች ከሁሉ የሚከብደው ይህን ልማድ መተው ይመስለኛል።

አዳራሹ እስከ 5 ዙር፣ አሸዋው እስከ 3 ዙር ይዘልቃል።

ብዙ ሰው ማሰባሰብ ለሚቸግረው፣ መቀበሉንም ማቀበሉንም መምታቱንም አጣምሮ መልመድ ለሚሻ አሸዋው ይመቻል፤ በአንድ የጨዋታ ቦታ ተክኖ ከፍ ብሎ መዝለል ለሚፈልግ ግን አዳራሹ ይሻላል።