ከኮምቦልቻ ደርሶ መልስ፦ በበጋ ከልጆች ጋር የተጠቀምንባቸው አገልግሎቶች

ከውጭ አገር ወደ ወሎ የሚመጣ ቤተሰብ ጉዞውን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የልጆቹ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ይሁን እንጂ በእነዚህ ወራት ደሴ በዝናብና በጉም ትከበባለች፤ የገጠሩም መንገድ ጭቃ ስለሚሆን ልጆች ይዞ ለመዞር አይመችም። እኛ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስፈቅደን በግንቦት በመምጣታችን የበልጉ ዝናብ አልፎ፣ ክረምቱም ገና ሳይገባ፣ ሞቃትና ብሩህ ቀን አገኘን። መዳረሻዎቹ ሁሉ ቅርብና የሚያምሩ በመሆናቸው ቀኑ መልካም መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት መኪናውና ሹፌሩ እንደሆኑ ከወዲሁ ልናገር።

ማረፊያችንን ኮምቦልቻ አደረግን። ዘመዶቻችን ያሉት ደሴ ስለሆነ ውሳኔው ቀላል አልነበረም፤ አክስቴ «ቤት እያለህ አልጋ ትከራያለህ?» ብላ ተቀይማ ነበርና ቅዳሜና እሑድን እርሷ ዘንድ ለማደር ተስማምተን ታረቅን። ምክንያታችን የአየሩ ጠባይ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በግንቦትም ቢሆን ሌሊቱ ወፍራም ብርድ ልብስ ይጠይቃል፤ ኮምቦልቻ ግን ከ1,800 ሜትር ብዙም ስለማትርቅ ልጆች ማታ ደጅ ተቀምጠው እራት መብላት ይችላሉ፤ አውሮፕላን ማረፊያውም እዚያው ነው። ያረፍንበት ሆቴል ክፍሎቹ ንጹሕ፣ ሠራተኞቹም ትሑቶች ነበሩ፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሳይቆይ ይነሣል። ማልደን በምንወጣበት ዕለት ወጥ ቤቱ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አስቀድሞ ቋጥሮ ይሰጠን ነበር። ጉድለቱ አጎበር ነው፦ ወባ ባለበት አካባቢ ሆኖ ሳለ አጎበር የሚሰቀለው ደጋግሞ ለጠየቀ ብቻ ነው።

ስለ ኮንትራት መኪና በሰፊው ልጻፍ፤ ገንዘብም ትዕግሥትም የሚያልቀው እዚህ ላይ ነውና። በደላላ በኩል የያዝነው የመጀመሪያው ሚኒባስ ለሙሉ ቀን ብለን ተስማምተን ሳለ ማታ ላይ «የማቆያ» የሚል ተጨማሪ ሒሳብ አመጣብን፤ ከኋላ ያሉት መቀመጫዎችም ቀበቶ አልነበራቸውም። ሁለተኛው በአክስቴ ጎረቤት በኩል የተገኘ ሲሆን በሁሉም ረገድ የተሻለ ነበር። ሹፌሩ ነዳጁ በማን እንደሚሸፈን፣ የሚመለስበትን ሰዓት፣ የእርሱን ምሳ ጭምር ከመነሣታችን በፊት ቁርጥ አድርጎ ተነጋገረ፤ ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት መነኸሪያ ላሉ ባልደረቦቹ ደውሎ የመንገዱን ሁኔታ ሳያጣራ ቁልፍ አያዞርም ነበር፤ ሳይመሽም ይመልሰን ነበር። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው ከሆነው ሁሉ በኋላ ይህን የማያደርግ ሹፌር ይዞ ከከተማ መውጣት ተገቢ አይመስለኝም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስለሚወርድ፣ አክስቴን «እትዬ፣ እርስዎ ከፊት ይቀመጡ» ብሎ፣ ለልጆቹም ፌስታል አድሎ፣ ያለ አንዳች ጥድፊያ አወረደን። የሕፃናት የመኪና ወንበር ግን ጠይቀን ከየትም አላገኘንም፤ ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ከሚኖርበት አገር ይዞ ቢመጣ ይሻለዋል።

ለአንድ ቀን ሽርሽር ከሁሉ የማስቀድመው ሐይቅን ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል፤ ውኃው ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ይገኛል። በዳርቻው ካሉት መመገቢያ ቤቶች በአንዱ ጥላ ሥር ተቀምጠን የቆሮሶ ጥብስ አዘዝን፤ ዓሣው የዕለቱ ነበር፤ ሚጥሚጣው ለብቻው ስለቀረበ ልጆቹም ያለ ችግር በሉ። ሆኖም ከትእዛዝ እስከ ማዕድ ረዥም ጊዜ ስለሚወስድ እንደ ደረሱ ማዘዝና በመሐሉ በእግር መንሸራሸር ይበጃል። የጀልባው አገልግሎት ግን ቅር አሰኝቶኛል፦ የሐይቁ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ እንደሚደርስ እየታወቀ ለልጆች ልክ የሚሆን የመንሳፈፊያ ጃኬት አልተዘጋጀም። ቀዛፊው ጨዋ ሰው ስለነበር ቅሬታዬን ሳይከራከር ተቀብሎ ዳር ዳሩን ብቻ ይዞን ዞረ።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ የታነጸ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ጥንታዊ ስፍራ ነው። ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ ቤተሰቡ መከፈሉ አይቀርም፤ ባለቤቴና ሴት ልጄ ከአክስቴ ጋር ውኃው ዳር ቡና አፍልተው ቆዩን። ልጄ ይህን ሲነግሯት ደስ አላላትም፤ አስቀድሞ ማስረዳቱ ይሻላል። አጠገቡ ያለው አርዲቦ ጸጥ ያለና ይበልጥ ውብ ሐይቅ ነው፤ ነገር ግን ምግብም ውኃም ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

ለግማሽ ቀን ደሴ ራሷ ትበቃለች። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ አይቶ፣ ጠዋት ወደ ጦሳ ወጣ ብሎ ከተማዋን ከላይ መመልከት ይቻላል። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ዘረፋ የደረሰበት በመሆኑ ክፍት መሆኑን በስልክ አረጋግጦ መሄድ ይገባል።

ታሪክ ለሚወዱ ታዳጊዎች ከውጫሌ አጠገብ ያለው ይስማ ንጉሥ የተሻለ ነው። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት ስፍራ ላይ ቆሞ ስለ አንቀጽ 17 መናገር፣ ትልቁን ልጄን ከመጽሐፍ ይልቅ ብዙ አስጠየቀው። ለትንንሾቹ ግን መንገዱ ይረዝማል፤ እነርሱን ከአክስቴ ዘንድ ትተናቸው ሄድን።

የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ብቻ ነው። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ይህ ገበያ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን በአንድ ሜዳ የሚያገናኝ ሲሆን፣ ባቲን በቅኝት ስም ብቻ የሚያውቋት ልጆቼ ከግመሎቹ መሐል አልወጣም ብለው አስቸገሩን። ከማለዳው 12 ሰዓት መነሣት፣ ባርኔጣና ብዙ ውኃ መያዝ፣ እኩለ ቀን ሳይደርስም መመለስ ያስፈልጋል፤ ሙቀቱ ከኮምቦልቻው እጅግ ይበረታል። ሰውን ፎቶ ከማንሣት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ በዚያ የአካባቢው ወጣት አስጎብኚ ይዘን መግባታችን ጠቅሞናል፤ ዋጋውንም ተገቢ ሆኖ አግኝቸዋለሁ። በገበያው ውስጥ ሻጮቹ የሚፈልጉት ጥሬ ገንዘብ፣ ያውም ዝርዝር ብር ስለሆነ ከኮምቦልቻ ሳይወጡ ማዘርዘር ይገባል፤ ሆቴሉና ሹፌሩ ግን ሒሳባቸውን በቴሌብር ተቀብለዋል።