ፕራዶዬ ዳይኖ ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ዱባይ ውስጥ ባለ 4.0 ሊትር ቪ6 ፕራዶ መንዳት ከጀመርኩ ወራት አለፉ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጉልበት አለው ወይ?» ካታሎጉ 271 የፈረስ ጉልበት ይላል። ወረቀት ብቻ አይቼ ስለማላምን ዳይኖ ላይ አወጣሁት።

ዳይኖ ማለት መኪናው ባለበት ቆሞ ጎማዎቹ በሚሽከረከር ብረት ላይ የሚሮጡበት የጉልበት መለኪያ ነው። ፕራዶ ግን ያገኘው ዳይኖ ላይ አይወጣም። አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ስለሚነዳ ማሽኑም የአራት ጎማ መሆን አለበት። የኋላውን ብቻ ማሽከርከር የፊቱንና የኋላውን ጎማ የዙር ልዩነት የሚያመጣጥነውን የመሃል ዲፈረንሻል መብላት ነው። አንድ ጋራዥ «ችግር የለውም፣ በሁለቱ እንሞክረው» ሲለኝ ቁልፌን ይዤ ውልቅ አልኩ።

ሌላ ቦታ መኪናው ከፊትና ከኋላ በወፍራም ማሰሪያ ተጠፈረ። ኮፈኑ ተከፍቶ ትልቅ ማራገቢያ ፊቱ ተደቀነ። ቴክኒሻኑ 4ኛ ማርሽ ላይ አድርጎ እስከ ጥግ ረገጠው። 4ኛ የሚመረጠው ካምቢዮው እዚያ የሞተሩን ዙር ሳይጨምር ሳይቀንስ አንድ ለአንድ ስለሚያስተላልፍ ነው። የራስህ መኪና ቆሞ እንደዚያ ሲያጓራ ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንጀት ይበላል።

ውጤቱ ጎማ ላይ 210 አካባቢ ሆነ። አትደንግጡ፤ 271 የሚባለው ሞተሩ ብቻውን ሲለካ ነው። ካምቢዮው፣ ጉልበቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚልከው ትራንስፈር ኬዝ፣ ዲፈረንሻሎቹና ጎማዎቹ የየድርሻቸውን ቆርሰው ነው የሚያሳልፉት። ለእኔ የበለጠ የነገረኝ ማሽኑ ያወጣው ግራፍ ነው። ይሄ ሞተር ቶርኩን፣ ማለትም የማሽከርከር ኃይሉን፣ ሙሉ የሚሰጠው በደቂቃ 4,400 ዙር ላይ ነው። ሰው ለመቅደም ሲሞክሩ «ምነው ተኛ?» የሚያሰኘው እሱ ነው። ጨክኖ መርገጥ ይፈልጋል።

ከዚያ ሞላውን ከፍ አድርጌ ጎማዬን ከ265/65 ወደ ሰፋና ከፍ ወዳለው 285/70 ቀየርኩ። አል በዳየር አሸዋ ላይ የጎማውን አየር ወደ 15 ፒኤስአይ አውርጄ ስገባ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። አስፋልት ላይ ግን መኪናው ከበደው። ጎማው 7 በመቶ ስለሚተልቅ ማርሹ ሁሉ የረዘመ ያህል ነው፤ ዳገት ላይ ካምቢዮው ቶሎ ቶሎ ማርሽ ይቀንሳል። ተመልሼ ዳይኖ ላይ ሳወጣው ሞተሩ ምንም ሳይሆን ቁጥሩ ወርዷል። የፍጥነት መቁጠሪያውም ከበፊቱ አሳንሶ ያሳያል። ራዳር በበዛበት ከተማ ይሄ ቀልድ አይደለም።

የአየር ፊልትሮው በአሸዋ ታፍኖ ስለነበር መቀየሩ ትንሽ ረዳ። አዲስ ካንዴላ ግን ግራፉ ላይ ምንም አላሳየም።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ «ለእኛ አገር ይሆናል?» ይለኛል። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት መከልከሉን ትተን፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋ ያጣል። ዳይኖው ደግሞ የአየር ማስተካከያ ስሌቱ ከበራ ይህን ደብቆ ቆላ ላይ እንዳለ አድርጎ ነው ቁጥሩን የሚያወጣው። ደጋ ላይ የምታስለኩ ያልተስተካከለውንም ቁጥር ጠይቁ።

ቤንዚን ይጠጣል፣ በተለይ ከተማ ውስጥ። ከዚያ ውጭ መንገድ ላይ አቁሞኝ አያውቅም። ጎማው ሲያልቅ ወደ 265 እመለሳለሁ፤ ሞላው ግን ባለበት ይቀራል።