ሉፕ ሂሮ ከ9 ወር በኋላ፦ ያ የተዘረፈው መንደር

ስለዚህ ጌም ልጽፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። አሁን ያስነሳኝ ግን ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጌም የሚጭን አንድ ልጅ ደንበኛውን "እሱን ተወው ባክህ፣ ሰውየው ራሱ ይዞራል ራሱ ይዋጋል፣ አንተ ቁጭ ብለህ ታያለህ፣ ይልቅ ፊፋ ልጫንልህ" ሲለው መስማቴ ነው። በሰው ስራ አልገባም ብዬ ዝም ብዬ ወጣሁ፣ ግን ቤት እስክደርስ መንገዱን በሙሉ በሆዴ ስከራከረው ነው የሄድኩት፣ ወላሂ ደሜ ፈላ። 9 ወር የተጫወትኩትን ጌም እሱ 5 ደቂቃ አይቶ ነው እንዲህ የሚለው።

ለማያቀው ሰው ቶሎ ልንገረውና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሉፕ ሂሮ የካርድ ጌም ነው፣ ፎር ኳርተርስ የሚባሉ ጥቂት የራሺያ ልጆች ሰርተውት በፈረንጆች ማርች 2021 ኮምፒውተር ላይ ወጣ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ሚሊዮን ተሸጧል። ታሪኩ ሊች የሚባል ሙት ጠንቋይ ዓለምን ያጠፋታል፣ ያጠፋታል ስል ሁሉም ነገር ይረሳል ማለቴ ነው፣ ተራራውም ከተማውም ሰውም እንዳልነበረ ይሆናል። የቀረችው ጨለማ ውስጥ ክብ የሆነች አንዲት መንገድና አንድ የእሳት ዳር ማረፊያ (ካምፕ) ናት። ጀግናው ያቺን መንገድ ይዞራል፣ አዎ ራሱ ይሄዳል ራሱ ይዋጋል፣ ያንተ ስራ ግን ከገደላቸው ጭራቆች የሚወድቁትን ካርዶች መሬቱ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ካርዱ ማለት ትዝታ ነው፣ የተራራ ካርድ ስታስቀምጥ ዓለም ተራራ የሚባል ነገር እንደነበራት ታስታውሳለች። መንገዱን የምትሰራው አንተ፣ አደጋውን የምትዘራው አንተ፣ እሱ የሚሄደው አንተ በሰራህለት ላይ ነው። ይሄ ነው "ቁጭ ብለህ ታያለህ" የሚባለው?

ሁሉም ሰው መጀመሪያ ሲያየው ግን እንደዛ ልጅ ነው የሚለው፣ እሱን አልክድም። የእህቴ ልጅ 10 ዓመቱ ነው፣ መጀመሪያ ቀን አጠገቤ ተቀምጦ "አጎቴ ምኑን ነው የምትጫወተው ታዲያ?" አለኝ። የስራ ባልደረባዬ ደግሞ ስክሪኑን አይቶ "ይሄ የድሮ ቴሌቪዥን ጌም አይደል እንዴ፣ ነጥብ ነጥብ ነው እኮ" አለ። እኔ ራሴ መጀመሪያ ሳምንት ላይ ሳሩን ዝም ብዬ በየቦታው ነበር የምበትነው። ኋላ ነው የገባኝ፣ የሳር ሜዳ ብቻውን ሲሆን ጀግናው ላይ በየቀኑ 2 ደም (የህይወት ነጥብ ማለቴ ነው) ይጨምራል፣ ከሌላ ነገር ጎን ስታደርገው ግን ያብባል፣ 3 ይሆናል። ድንጋይና ተራራም እንደዛው ነው፣ በተናጠል ትንሽ ነው የሚጠቅሙት፣ 9ኙን ሶስት በሶስት ገጥመህ ስታቆማቸው ግን አንድ ትልቅ ጫፍ ሆነው ይነሳሉ፣ ደምህ በጣም ይጨምራል፣ ከጫፉ ላይ ግን ክንፍ ያላቸው ክፉ ነገሮች መውረድ ይጀምራሉ። እኔ ጦሳ ስር ያደግኩ ሰው ነኝና ያ ጫፍ መጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ለራሴ ጦሳ ብዬ ስም አወጣሁለት፣ እስካሁንም እንደዛው ነው የምጠራው።

ማለትም ካርዱ ምን እንደሚሆን የሚወስነው ጉርብትናው ነው። ይሄንን ይዛችሁ ቆዩኝ።

አሁን ወደ መንደሩ። የካቲት አካባቢ መሰለኝ፣ አንድ ማታ በጣም ጥሩ ጉዞ ላይ ነበርኩ፣ ጀግናው ጠንክሯል፣ ሁለት መንደር አስቀምጫለሁ። መንደር ማለት ሲያልፍበት ደም የሚሞላለት ነው፣ ሰዎቹም ስራ ይሰጡታል፣ እንትንን ገድለህ ና ይሉታል፣ ሲመለስ ይሸልሙታል፣ አጠገቡ ስንዴ ከዘራህለት ደግሞ የበለጠ ደም ይሞላል። እጄ ላይ የቫምፓየር ቤት የሚል ካርድ ነበረ፣ ሳላስብ ከመንደሩ ጎን አስቀመጥኩት። ወዲያው መንደሩ ጠቆረ። ማውሱን ሳስጠጋ "የተዘረፈ መንደር" ይላል፣ ውስጡ ሰው የለም፣ ሬሳ በል ጭራቆች ናቸው ያሉት፣ ደም የሚሞላልኝ ቦታ ደም የሚያፈስ ሆነ። በራሴ እጅ።

ደሴ ኖሮ የ2014ቱን ጦርነት ያየ ሰው "የተዘረፈ መንደር" የሚል ጽሁፍ ስክሪን ላይ ሲያይ ዝም ብሎ አያልፈውም። የአጎቴ ሱቅ በሩ ተገንጥሎ፣ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ፣ ወለሉ ላይ የተደፋ ዱቄት ብቻ ቀርቶ ያየሁት እኔ ነኝ፣ ጌም ላይ ይሄ ይመጣብኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ላፕቶፑን ዘጋሁት። ሁለት ሳምንት አልከፈትኩትም። ይሄን ለመጫወት ነው እንዴ ያስገዛሁት አልኩ፣ ያስገዛሁት የምለው ምክንያቱም የገዛችልኝ ጅዳ ያለችው እህቴ ናት፣ እኛ ጋ በዶላር የሚከፍል ካርድ በቀላሉ የት ይገኛል፣ እሷ ሰው ቤት እየሰራች ከምታገኘው ላይ ነው የከፈለችው፣ ሙሉ ዋጋው 15 ዶላር ገደማ ነው፣ ቅናሽ ጠብቃ ነው የገዛችው እንጂ። ስለዚህ ጸጸቱ ድርብ ነበር።

የመለሰኝ የእህቴ ልጅ ነው። እሁድ ቀን ዝናብ ሆኖ የሚወጣበት ቢያጣ "አጎቴ ያቺን መንደር ክፈታት፣ ጭራቆቹን እንግደልላቸው" አለኝ። ግደላቸው አላለኝም፣ እንግደልላቸው ነው ያለኝ። ከፈትኩት፣ ካቆምኩበት ቀጠለ፣ ዞርን፣ አንደኛ ዙር ላይ ጀግናው ተንገዳግዶ አለፈ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ለሞት ትንሽ ቀረው፣ ልጁ ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ ዱዓ ያደርጋል። ሶስተኛው ዙር ሲሞላ ያ መንደር ተቀየረ። ጨለማው ለቀቀ። በእንግሊዝኛው የካውንት መሬት ይለዋል፣ እኔ የመስፍን ርስት ነው የምለው፣ እና ከድሮው መንደር የበለጠ ደም ይሞላል፣ ሽልማቱም ከበፊቱ የተሻለ ነው። ማንም አልነገረኝም፣ ጌሙም አይናገርም። ዝም ብሎ 3 ዙር ያስጠብቅሃል።

ልጁ ተነስቶ ጨፈረ። እኔ ምን እንደሆንኩ አላቅም፣ ዝም ብዬ ስክሪኑን ሳይ ቆየሁ። አጎቴ ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ ቀን የነበረው አንድ ኩንታል ስኳርና ከጎረቤት የተዋሰው ሚዛን ብቻ ነበር፣ እሱ ነው ትዝ ያለኝ። የጌሙ ሰሪዎች ስለ ደሴ ምንም አያውቁም፣ አውቃለሁ፣ ግን 3 ዙር የሚለውን ያሰበው ሰው የሆነ ነገር ያውቃል።

ከዛ ቀን በኋላ አጨዋወቴ በሙሉ ተቀየረ። ድሮ የሚያስፈራ ካርድ እጄ ላይ ሲመጣ አቆየው ነበር፣ እጅህ ሲሞላ አሮጌው ካርድ ራሱ ይሄድና ለካምፕ መስሪያ የሚሆን ጥሬ ዕቃ ይሆናል፣ እንደዛ እያደረግኩ ነበር የማመልጠው። አሁን የት ባደርገው ምን ይወልዳል ብዬ ነው የማየው። ድንጋይና ተራራ 10 ሲደርስ የጎብሊን ሰፈር መንገድህ ላይ ይተከላል፣ ስለዚህ መቁጠር አለብህ። ሊቹ ደግሞ ሲመጣ ካምፑ ዙሪያ ቤተ መንግስቶቹን ይተክላል፣ እነሱ ናቸው የሚያጠነክሩት፣ ቀድመህ ካምፑ ዳር ያለውን ቦታ በራስህ ካርድ ከያዝክበት የሚተክልበት ያጣል። እሱን ያወቅኩት 5 ጊዜ ከሞትኩ በኋላ ነው። ካርድ ባስቀመጥክ ቁጥር የሊቹ መምጫ ይቀርባል፣ ስለዚህ ሁሉንም ላስቀምጥ ልትል አትችልም፣ ልትቸኩልም አትችልም፣ ጭራቆቹም በየዙሩ እየጠነከሩ ነው የሚሄዱት።

አሁን ወደ ጌም ጫኙ ልመለስ። "ለምን ገዛኸው፣ እኔ በ50 ብር እጭንልህ የለም ወይ" ይለኛል፣ አውቀዋለሁ። ወንድሜ፣ መጀመሪያ የጫንኩት እኮ እንደናንተ ካለ ሱቅ ነበር፣ የት እንደሆነ አልናገርም። የጫኑልኝ የድሮውን ነው፣ መጀመሪያ የወጣውን፣ እሱ ላይ ደግሞ ጉዞ መሃል ሴቭ ማድረግ የለም፣ በኋላ በአፕዴት ነው የተጨመረው። የዚህ ጌም ህግ እንዲህ ነው፦ ካምፕ ደርሰህ ከተመለስክ የሰበሰብከውን 100 ፐርሰንት ይዘህ ትገባለህ፣ መንገድ ላይ ከሸሸህ 60፣ ከሞትክ 30። ሞተህ እንኳ 30 ፐርሰንት አለህ! መብራት ሲጠፋ ግን ዜሮ። የኔ ላፕቶፕ ባትሪ ከሶኬት ሲነቀል 2 ደቂቃ ከቆመ ትልቅ ነገር ነው፣ ስንት ጊዜ ሁለት ሰዓት የገነባሁት መሬት ከነተራራው ሄዷል። የተገዛው ላይ ግን 2 ደቂቃዋ ትበቃኛለች፣ መብራት ድርግም ሲል ሴቭ አድርጌ እወጣለሁ፣ መብራቱ በማግስቱም ይምጣ በሶስተኛው ቀን፣ ጀግናው እዛው መንገዱ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ያ የተዘረፈ መንደር ሁለት ሳምንት የቆየኝ በዚህ ነው። በናንተ ፍላሽ ቢሆን ኖሮ ሶስተኛውን ዙር አላየውም ነበር።

"የሰሩት ልጆች ራሳቸው በነጻ አውርዱ ብለዋል እኮ" የሚልም አለ። ብለዋል፣ እውነት ነው፣ በፈረንጆች 2022 ላይ የራሺያ ተጫዋቾች በማዕቀቡ ምክንያት መክፈያ መንገድ ሲዘጋባቸው ነው ያሉት። መክፈል ለማይችል ሰው እንዲህ የሚል ሰሪ መክፈል ለሚችል ሰው ደግሞ የበለጠ ይገባዋል፣ እኔ እንደዛ ነው የማየው። በግራፊክስም አትከራከሩኝ፣ ትንሽ ፋይል ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሳይሞቅ ሳይጮህ ይሰራል፣ ከገዛህ በኋላ ደግሞ ዳይመንድ ግዛ ቦክስ ክፈት የሚል ነገር የለበትም።

ይሄ በመጨረሻ ያልኩት ነገር ቤት ውስጥ በጣም ጠቅሞኛል። እማ "ካርድ" የሚለውን ሰምታ ካርታ መስሏት ነበር፣ ቁማር። አባቴ ከመግሪብ ሲመለስ ነገረችው፣ እሱም አልተቆጣም፣ አጠገቤ ወንበር ስቦ "አሳየኝ" አለኝ። ገንዘብ እንደማይያዝበት፣ ማንም ማንንም እንደማይበላበት፣ ካርዱ መሬት እንደሆነ አስረዳሁት። የስንዴ ካርድ ከመንደር አጠገብ ሳስቀምጥ አይቶ "ይሄማ እርሻ ነው" ብሎ ተነሳ። ከዛ ወዲህ ስለ ቁማር የተናገረኝ የለም፣ እማም ቡና ስታፈላ ላፕቶፑን ይዤ ስቀመጥ ዝም ትለኛለች።

ቅር የሚለኝ ነገር አለ፣ ጽሁፉ በጣም ትንሽ ነው፣ ማታ ማታ አይኔን ያመኛል፣ ንግግሩም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለልጁ እየተረጎምኩ ነው የምጫወተው። ካምፑን ለመገንባት የሚያስፈልገው ዕቃ አንዳንዴ ልብ ያደክማል፣ አንድ ቤት ለመስራት ያንኑ መንገድ ሰባት ስምንት ጊዜ ትዞራለህ። በ9 ወር አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ፣ አልጨረስኩትም። አይቆጨኝም።

ባለፈው ሳምንት እህቴ በቪዲዮ ደወለች። "ያን ጌም ተጫወትክበት ወይስ ብሬን በላኸው?" አለችኝ። ስልኩን ወደ ስክሪኑ አዞርኩላት፣ አዲስ ጉዞ ላይ ያለ ሌላ የተዘረፈ መንደር አሳየኋት፣ አሁን እንዲህ ጠቁሮ የምታይው 3 ዙር ሲሞላው ይድናል አልኳት። ስራ ልትገባ 10 ደቂቃ ቀርቷት ነበር። ዙሩ ስንት ደረሰ አለች። ሁለተኛው እያለቀ ነው አልኳት። "በል ፍጠን፣ ሳላይ አልዘጋም" አለችኝ፣ እኔም ፍጥነቱን ጨመርኩት።