«እርስዎ» ያለኝ ጋራዥ እና «አንቺ» ያለኝ መካኒክ

ድሬዳዋ ውስጥ «እርስዎ» የተባለ ሰው ቦርሳውን ያዝ ያድርግ። ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ ሕፃኑም ሽማግሌውም «አንቺ» ሲለኝ ነው የኖርኩት። ግንቦት ውስጥ ለእህቴ ልጅ ሰርግ ከሮም ስገባ በ«እርስዎ» የተቀበለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም 2,800 ብሬን ወሰደ።

ስለ ሌላው አገልግሎት ባጭሩ ልናገርና ልለፍ። አውሮፕላኑ በሰዓቱ አርፏል። የቤተሰቤ ቤት በእንግዳ ስለሞላ ከዚራ ሰፈር የያዝኩት ማረፊያ ንጹሕ ነው፤ የዛፎቹ ጥላ ብቻውን የአዳሩን ዋጋ ያወጣል፤ ውኃው ግን ማታ ማታ ይጠፋል። ቴሌብር ያስጀመረችኝን ልጅ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ግን ማንም ሊነግራችሁ ይችላል። እኔን ያስነሳኝ የስኩተር መሪ እጀታ ነው፤ ሁለቱ እጆች የሚያርፉበት ያ ጥቁር ላስቲክ።

ሮም ውስጥ ሁለት አሮጊቶች እንከባከባለሁ፤ ጠዋት አንዷ ጋ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላዋ ጋ። ያለ ስኩተር አይታሰብም፤ አሥራ አንድ ዓመት ነድቻለሁ። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ «እስክትመለሺ ንጂው» ብሎ የራሱን ሲሰጠኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከሳቢያን እስከ መጋላ እንደ ልጅነቴ ልሽከረከር! ችግሩ፣ ወንድሜ ስኩተሩን የሚያቆመው ፀሐይ ላይ ነው፤ የግንቦት የድሬ ፀሐይ ደግሞ ላስቲክ አይምርም። እጀታዎቹ ቀልጠው እንደ ሙጫ ይጣበቃሉ። ሃያ ደቂቃ ነድቼ ስወርድ መዳፌ ድስት ያጠበ ይመስላል። ሳላስተውል የእናቴን ነጠላ ጥለት ይዤ አስተካከልኩላት፤ አምስቱም ጣቶቼ እዚያው ታትመው ቀሩ። እናቴ ምንም አልተናገረችም፤ ነጠላውን አጥፋ ሌላ ለበሰች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የባሰው ግን የግራው ነው። ቀኙ እጀታ ነዳጅ መስጫ ስለሆነ መዞሩ ሥራው ነው፤ የግራው ግን ፈጽሞ መዞር የለበትም፤ ሰውነታችንን የምናሳርፍበት እሱ ነውና። ደቻቱ ድልድይ ላይ ከባጃጅ ልሸሽ ስታጠፍ በእጄ ውስጥ ዞረ። ሆዴ እንዴት እንደተገለበጠ የነዳ ያውቀዋል።

ማክሰኞ ጠዋት ዋናው መንገድ ዳር ካለ፣ ደህና ከሚመስል ጋራዥ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። እዚያ የመጀመሪያውን ስሕተት ሠራሁ፤ የዕቃው የአማርኛ ስም ጠፋኝና በጣልያንኛው «ማኖፖላ መቀየር ፈልጌ» አልኩ። ልጁ አፍጥጦ አየኝ። ባለቤቱ ከውስጥ እጁን እየጠረገ ወጣ። «ምን እንታዘዝ እትዬ? እርስዎ ከውጭ ነው የመጡት?» አለቀልኝ ማለት ነው።

ዕቃው ኦሪጅናል ነው፣ በጅቡቲ በኩል የገባ ነው፣ ከእጅ ሥራው ጋር 2,800 ብር ነው አለኝ። በልቤ ወደ ዩሮ መታሁት፤ ከ20 ዩሮ በታች ነው፤ ሮም በዚህ ዋጋ ማን ዞር ብሎ ያይሻል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ከውጭ የምንመጣ ሰዎች በሽታ ይህ ነው፤ በዩሮ እናስባለን፣ ርካሽ ነው እንላለን፣ ከኋላችን የሚመጣው ጎረቤት በብር ይከፍለዋል። ቀድሜ ከፈልኩ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም።

«ነገ ጠዋት ይውሰዱ» አለ። ረቡዕ ስሄድ ዕቃው ከመጋዘን አልወጣም። ኀሙስ ስሄድ ወጥቷል፤ ግን ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ በድሬ ቀትር ማን ይሠራል፤ ይህ እንኳ የራሴ ጥፋት ነው። አሥር ሰዓት ላይ ተመለስኩ፤ ቁልፉን የያዘው ልጅ የለም። ለአንድ ሰዓት በርጩማ ላይ ተቀምጬ ባለቤቱ የጣልያንን ኑሮ ሲጠይቀኝ ዋልኩ። ቤት ኪራይ ስንት ነው፣ ለእህቱ ልጅ ቪዛ በምን መንገድ ይገኛል። አክብሮቱ አንድም ጊዜ አልጎደለም። «እርስዎ» እያለ ነው ያቃጠለኝ። ሰርጉ እሑድ ነው፤ እኔ ገና የፀጉር ቀጠሮዬን እንኳ አልያዝኩም!

ዓርብ ጠዋት ተቀበልኩት። ሲያዩት ያምራል፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጫፉ ቀይ መስመር ያለው። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ነድቼ አደባባዩ ጋ ስደርስ ነዳጁን ልለቅ አልኩ፤ ሞተሩ ግን መጮኹን አልተወም። ቀኙ እጀታ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ፍሬኑን ይዤ፣ ሞተሩ ከሥሬ እየገፋ፣ በሌላው እጄ ቁልፉን ዘጋሁት። አንድ የባጃጅ ሹፌር ወርዶ ስኩተሩን ወደ ዳር ገፋልኝና «አንቺ፣ ሰርገኛ ነሽ ወይስ ሟች?» አለኝ። ሳቄ መጣ፤ እንባዬም መጣ።

አሸዋ ገበያ አካባቢ ጥላ ሥር የሚሠራውን ሽማግሌ መካኒክ የጠቆመኝ ይኸው ሹፌር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። «ነይ እስቲ፣ እጅሽን ምን አስነከስሽው?» አለ ሳያየኝ። «አንቺ» ሲለኝ ግማሽ ድካሜ ወረደ።

እጀታውን በምላጭ ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆ ገለጠው። ከሥሩ ግራሶ ተቀብቷል! በቀላሉ ይግባ ብለው ቀብተውታል፤ በቀላሉ የገባ ደግሞ በቀላሉ ይዞራል። ከዚያ ሁለቱን እጀታዎች አንሥቶ ቀዳዳቸውን አሳየኝ፤ እኩል ናቸው። መሆን አልነበረባቸውም። የቀኙ በመሪው ቧንቧ ላይ በሚዞረው የነዳጅ መስጫ የፕላስቲክ ቱቦ ላይ ስለሚገባ ቀዳዳው ሰፋ ማለት አለበት። የጋራዡ ሰዎች ሁለት የግራ እጀታ ነው የገጠሙልኝ፤ የቀኙን በጉልበት ገፍተው ከመብራት ማብሪያው ጋር አጣብቀውታል። ለዚህ ነው ያልተመለሰው።

ራሱ ዕቃ አይሸጥም። «አሸዋ ግቢና ግራና ቀኙን ለይተሽ አምጪ» ብሎ ላከኝ፤ ጥንዱን በ450 ብር ገዛሁ። ስመለስ ቧንቧውን በቤንዚን በታሸ ጨርቅ አራት ጊዜ ጠርጎ፣ አድርቆ ጠበቀኝ። «ካቻቢቴ አቀብይኝ» አለ። ቀጥሎ ፒንሳ፣ ቀጥሎ ማስቲሽ፣ ከዚያ የነዳጁን ካቦ ፈተሸ። ሮም ያለው መካኒኬ ከልጁ ጋር የሚነጋገረው በእነዚሁ ቃላት ነው፤ እዚያ ቆሜ ስሰማ ሁልጊዜ ድሬ ትዝ ይለኛል፤ ድሬ ቆሜ ደግሞ ሮም ትዝ አለኝ። መሣሪያው ሁሉ ስሙን ይዞ ሲገባ ያቺ የፈረደባት ማኖፖላ ብቻ ጅቡቲ ቀርታለች።

ማስቲሹን በስሱ ቀብቶ አንድ ትንፋሽ ሳያርፍ እያሽከረከረ አስገባው፤ ቆም ካሉ መሐል ላይ ይይዛል። በቀኙና በማብሪያው መካከል የጥፍር ውፍረት ያህል ክፍተት ተወ። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ ለቀቀው፤ ጠቅ ብሎ ተመለሰ። መሪውን ወደ ግራ ጥግ፣ ወደ ቀኝ ጥግ እያዞረ ደገመው፤ ጠቅ፣ ጠቅ። ከማንኛውም ጋራዥ ስትወጡ ይህን ራሳችሁ ሞክሩት፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

«እስከ ነገ ጠዋት አትነኪውም፤ ማስቲሹ ይድረቅ» አለኝ። ዛሬ ብዙ የምሯሯጥበት አለኝ አልኩት። «በባጃጅ ሩጪ።» የእጅ ሥራው 200 ብር። 500 ሰጥቼ መልሱን ተወው ስል ተቆጣ፤ «ከውጭ እየመጣችሁ ዋጋ አታበላሹብን» ብሎ 300 ብሬን ቆጥሮ መለሰ።

ወደ መጀመሪያው ጋራዥ የተሰነጠቀውን እጀታ ይዤ ሄጄ ነበር። ባለቤቱ አገላብጦ አየውና «እትዬ፣ እርስዎ ስለቸኮሉብን ነው» አለ። አንድ ብር አልመለሰም። ሮም ቢሆን ደረሰኜን ይዤ እጮኽ ነበር እያልኩ ስበሳጭ ወንድሜ «ሮም ደረሰኝ ትጠይቂያለሽ፣ እዚህ ለምን አልጠየቅሽም?» አለኝ፤ መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ሮምም አንድ ጊዜ ለፍሬን ካቦ ሁለት ሳምንት አቁመውብኛል።

ሽማግሌው ከቀትር በኋላ አይገኝም፤ ዕቃችሁን ይዛችሁ ጠዋት ሂዱ። ወንድሜ ትናንት ደውሎ ነበር፤ የግራው ንቅንቅ አላለም፤ ስኩተሩን ግን አሁንም ፀሐይ ላይ ያቆመዋል።