ጋራንቲው ያለፈበት ስልክ፦ ይጠገን፣ አዲስ አበባ ይላክ፣ ዩዝድ ይገዛ ወይስ አዲስ?

ስልኬ የሞተው በተገዛ በ13ኛው ወር ነው። ጋራንቲው 12 ወር ነበር። ማታ ከግማሽ በላይ ባትሪ እያለው አልጋዬ አጠገብ ቻርጅ ላይ ሰካሁት፤ ጠዋት ላይ ጥቁር ብሎ ጠበቀኝ። ቻርጁን ነቅዬ ብሰካው አይነዝርም፣ አይበራም፣ አይሞቅም። ደረሰኙን ይዤ ደብረ ማርቆስ ወደገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ቀኑን አየና "ጋሼ፣ ሦስት ሳምንት አልፎታል እኮ" ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። ምን እላለሁ፤ አልፎታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልሰማሁት ምክር የለም። የሥራ ባልደረባዬ "ለጠጋኝ ስጠው" ይላል፣ የአጎቴ ልጅ "አዲስ አበባ ላከው" ይላል፣ ጎረቤቴ የሚሸጥ ዩዝድ ሳምሰንግ አለው፣ ባለቤቴ ደግሞ "አዲስ ግዛና ተገላገል"። በራሴም በቤተሰብም ስልክ አራቱንም ሞክሬያለሁ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ነው የገዛኸው?" ብሎ ነው። እኔ ግን አሁን የምጠይቀው "ምኑ ነው የሞተው?" ብዬ ነው፤ ባትሪ የሞተበትና ቦርድ (ጥቃቅን ዕቃዎቹ የተገጠሙበት ዋና ሰሌዳ) የሞተበት ስልክ እኩል ቢገዙም መንገዳቸው ለየቅል ነው።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት

ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አለ። ሌላ ቻርጀር፣ ሌላ ገመድ፣ ሌላ ሶኬት። ማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ይዞ እስከ 20 ሰከንድ መጫን፤ ሶፍትዌሩ ተጣብቆ ብቻ ከሆነ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች በዚህ ይነቃሉ። ቻርጅ መሰኪያውን በባትሪ መብራት ማየት።

ይህን የመጨረሻውን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ጠጋኙ ጋ ተራዬን ስጠብቅ ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘው ገቡ። "ልጄ፣ ቻርጅ እምቢ አለኝ፤ አዲስ ግዢ አሉኝ" አሉት። ጠጋኙ አጥፍቶት በቀጭን እንጨት መሰኪያውን ፈለፈለ። የወጣው የጨርቅ ብናኝና አቧራ ተጠቅጥቆ ድፍን ምስር አክሏል። ሰካው፣ ቻርጅ ያዘ። "ስንት ልስጥህ?" ሲሉት "ይሂዱ እማማ፣ ይመርቁኝ" አላቸው፤ መረቁትም፣ ረጅም ምርቃት ነበር። ቤት ስትሞክሩት ስልኩን አጥፍታችሁ በእንጨት ስንጥር እንጂ በመርፌ አይሁን፤ መርፌ የውስጡን ጥርስ ያጣምማል፣ ሾርትም ያደርጋል።

የእኔ ተራ ሲደርስ ባትሪውን ነቅሎ ስልኩን በባትሪው ፋንታ ኃይል ከሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ጋር አገናኘውና 4 ቮልት ገደማ ላይ አደረገው። ማብሪያውን ሳይነካ የአምፒሩን ቁጥር፣ ስልኩ የሚስበውን የኤሌክትሪክ መጠን፣ እንዳየው ጠራኝ። ያልበራ ስልክ ምንም መሳብ አልነበረበትም፤ የእኔው ይስባል። ጣቱን ቦርዱ ላይ ሲያስኬድ አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታክል ዕቃ እንደ ምጣድ ትፋጃለች። "ሾርት ነው። ቦርድ ነው ጋሼ" አለኝ። እንዲህ አድርጎ የሚያሳያችሁ ጠጋኝ ካገኛችሁ ለምርመራው ብቻ ቢያስከፍላችሁም ክፈሉት። ሳይከፍተው ከሩቅ አይቶ "አይሲው (ቺፑ) ነው፣ ቀብድ አምጣ" የሚላችሁን ግን አመስግናችሁ ውጡ።

የከተማው ጠጋኝ ወይስ የብራንዱ ማዕከል

ለባትሪ፣ ለቻርጅ መሰኪያ፣ ለስፒከርና ለማብሪያ ቁልፍ የከተማ ጠጋኝ ይሻላል፤ ብዙ አልከራከርም። ፊት ለፊታችሁ ይሠራል፣ በዕለቱ ታገኙታላችሁ፣ ነገ ቢበላሽ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ድክመቱ ዕቃው ላይ ነው። ኦርጅናል ሲላችሁ ብዙ ጊዜ "ከኮፒዎቹ የተሻለው" ማለቱ ነው። ዋስትናውም የቃል ነው፤ "ችግር ካለው አምጣው" ይላል። እኔ ደረሰኝ ላይ የቀየረውን ዕቃና ቀኑን እንዲጽፍልኝ እጠይቃለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ አዋጅ መጥቀስ ባያስፈልግም "ጻፍልኝ" ማለት ነውር አይደለም።

የብራንዱ ማዕከል፣ ማለትም የስልኩ አምራች የሚያውቀው ጥገና ቤት፣ የራሱን የፋብሪካ ዕቃ ይገጥማል፣ ለጥገናውም የራሱን አጭር ዋስትና በወረቀት ይሰጣል። ጋራንቲ ካለፈ በኋላ ግን ሙሉ ዋጋ ነው። ቦርድ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙሉውን ቦርድ ይቀይራሉ እንጂ አንዲቷን ዕቃ ፈልገው አይተኩም፤ ሂሳቡ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። ፎቶውና ስልኩ ላይ የመዘገባችኋቸው ቁጥሮችም ከአሮጌው ቦርድ ጋር ይቀራሉ።

ከጎጃም ሲታሰብ መንገዱም ወጪ ነው። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ዳር ከሆነ ከ550 በላይ፤ ሁለቱም አባይ በረሃን ወርደው ይወጣሉ። መንገዱ ክፍት በሆነበት ሳምንት በሹፌር እጅ ይላካል። ሲዘጋ ስልካችሁ እዚያ፣ እናንተ እዚህ። የእህቴ ስልክ እንዲህ ሄዶ አምስት ሳምንት ቆየ፤ በመካከሉ እሷ ሌላ ገዛች። ስለዚህ ከመላክ በፊት ቅርብ ከተማ ላይ ማዕከል ይኖር እንደሆነ ጠይቁ፤ ዕቃው በእጃቸው መኖሩንና ጠቅላላ ዋጋውንም በስልክ ተናገሩ በሏቸው። ውድና አዲስ ሞዴል ስልክ ከሆነ፣ በተለይ ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ የተሠራ ከሆነ፣ መላኩ ያዋጣል። የከተማ ጠጋኝ ከከፈተው በኋላ ውሃ መከላከሉን እርሱት፤ ማጣበቂያው አንዴ ከተላቀቀ የፋብሪካውን ያህል አይገጥምም።

የትም ብትሰጡት ሲሙን አውጡ። ስልክ ዛሬ ቦርሳ ነው፤ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ወዲህ ከኪሳችን ገንዘቡን ወደ ስልኩ አዛውሮታል። ሲሙን አሮጌ ባለቁልፍ ስልክ ውስጥ ከከተታችሁት *127# ብሎ ቴሌብርን፣ *889# ብሎ የንግድ ባንክ ሂሳባችሁን ማየት ይቻላል፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጠጋኙ "ፓተርኑን ንገረኝ" ካለም ቆማችሁ ራሳችሁ ክፈቱለት። ሳምሰንግ ከሆነ ደግሞ *#0*# ሲደወል የስክሪን፣ የቶችና የድምፅ መፈተሻ ይከፈታል፤ ሥራው ሲያልቅ እዚያው ፊቱ ሞክሩት።

ስክሪን፦ የብዙ ሰው ገንዘብ የሚበላበት

ስክሪን መስበር ጋራንቲ ባያልፍም በጋራንቲ አይሸፈንም፤ ውሃም እንዲሁ። ስለዚህ እዚህ ላይ ሁላችንም እኩል ነን።

ርካሽ ስልኮች ላይ ያለው ኤልሲዲ፣ ከኋላው መብራት ያለው ስክሪን፣ ነው፤ ኮፒውም ኤልሲዲ ስለሆነ ልዩነቱ ብሩህነትና የቶች ፍጥነት ላይ ብቻ ይታያል፤ ይቻላል። ችግሩ አሞሌድ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚበራበት ስክሪን፣ ያለው ስልክ ላይ ነው። ለእሱ የሚሸጠው ርካሽ ኮፒ "ኢንሴል" የሚባል ኤልሲዲ ነው። ወፈር ስለሚል ከጠርዙ ብቅ ይላል፤ የጣት አሻራ መክፈቻው ስክሪኑ ሥር የነበረ ከሆነም ከዚያ በኋላ አይሠራም። ጠጋኙ ይህን ካልነገራችሁ ደብቋችኋል ወይም አያውቅም፤ ሁለቱም ጥሩ አይደለም።

መለያው ቀላል ነው። ሙሉ ጥቁር ፎቶ ክፈቱና ስልኩን በእጃችሁ ከልሉ፣ ወይም ጨለማ ውስጥ ግቡ። አሞሌድ ጥቁሩን ሲያሳይ መብራቱን ያጠፋል፤ ስክሪኑ ያልበራ ይመስላል። ኢንሴል ከሆነ ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ከኋላው ብርሃን ያፈሳል። ሦስተኛው ምርጫ ከሞተ ስልክ የወጣ ኦርጅናል ነው፤ ጭረት ይኖረው ይሆናል እንጂ ከአዲስ ኮፒ እሱን እመርጣለሁ። መስታወቱ ብቻ ተሰንጥቆ ምስሉና ቶቹ ደህና ከሆነ ደግሞ መስታወቱን ለብቻው የሚለያይ ማሽን ያለው ሰው ፈልጉ። ማሽን የሌለው "እሞክራለሁ" ካለ አይሞክር፤ ምስሉንም ይጨርስላችኋል።

ሂሳቡን እኔ እንዲህ አደርገዋለሁ። ያው ስልክ አዲሱ 18,000 ብር ቢሆንና ኦርጅናል ስክሪኑ 6,000 ቢሉኝ አስጠግናለሁ። 10,000 ካሉኝ አላስጠግንም፤ ባትሪውም አርጅቷል፣ መሰኪያውም ነገ ይላላል። ከግማሽ በታች ከሆነ ጥገና፣ ከግማሽ በላይ ከሆነ ሌላ ስልክ። ይህ የእኔ መስፈርት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ስልክም መለዋወጫም አብሮ ወጣ። በድሮ ዋጋ የገዛነው ሰዎች "በስንት ገዝቼው ነበር" ብለን ካሰላን እንሳሳታለን። ዛሬ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቃችሁ አስሉ።

ባትሪ ላይ ብዙ አልልም። ሊቲየም ባትሪ 500 ጊዜ ያህል ሞልቶ ሲያልቅ ከአቅሙ ወደ 80 በመቶው መውረዱ የተለመደ ነው፤ በዓመት ተኩል ቢደክም ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ስትቀይሩ የተመረተበትን ቀን አንብቡ፣ ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓመት የተኛ ባትሪ እየሞተ ነው። የስልኩ ጀርባ ካበጠ ግን ዛሬውኑ አስነቅሉት፤ አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ይነዳል።

ዩዝድ ወይስ አዲስ

ዩዝድ ስልክ በተመሳሳይ ብር ከአዲሱ የተሻለ ካሜራና ፍጥነት ይሰጣል፤ ለዚህ ነው የሚያጓጓው። ከማውቀው ሰው፣ ከነካርቶኑ ካልሆነ ግን አልገዛም። የራሳችሁ ስልክ ቢያንስ የበሽታ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። የሰው ስልክ ውሃ ገብቶበት ደርቆ ይሆናል፤ ዝገቱ ከሁለት ወር በኋላ ነው ሥራውን የሚሠራው። የምትገዙ ከሆነ *#06# ደውሉና የሚወጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ከዚያ ሻጩ ፊታችሁ የጉግል አካውንቱን ያስወጣ፣ ፎርማት ያድርገው፣ እስከ መጨረሻው ተነስቶ ሲከፈት እዩት። አካውንቱ ሳይወጣ ፎርማት የተደረገ አንድሮይድ የቀድሞ ባለቤቱን ይለፍ ቃል እየጠየቀ ይቆለፋል፤ አይፎንም በአይክላውድ እንዲሁ። "ልጁ አዲስ አበባ ነው፣ ነገ ይልክልሃል" ካሏችሁ ስልኩ የማን እንደሆነ እንጃ።

አዲስ ስልክ ውስጥ የምትገዙት አንድ ዓመት እፎይታ ነው። ጋራንቲው የሚጀምረው ደረሰኙ ላይ ካለው ቀን ስለሆነ ቀኑና የስልኩ መለያ ቁጥር መጻፋቸውን እዩ። ባትሪና ቻርጀሩ ብዙ ጊዜ ከስልኩ ያጠረ ዋስትና አላቸው፤ ጠይቁ። የአዲስ ወጥመዱ በጣም ርካሹን መግዛት ነው፦ 2 ጊጋ ራም ያለው ስልክ ሳጥኑ ውስጥ እያለ አርጅቷል። ለዚያ የሚሆን ብር ብቻ ካላችሁ በግማሹ ጥሩ ባለቁልፍ ስልክ ገዝታችሁ እህል እስኪሸጥ ብትቆዩ እመርጣለሁ። እናቴ ይህን ምክር ስነግራት "እኔስ መቼ ሌላ ያዝኩ" አለችኝ፤ የእሷ ባለቁልፍ በሳምንት አንዴ ቻርጅ ይደረጋል።

አዲሱንም ቢሆን መብራት ሄዶ ሲመጣ ሶኬት ላይ አትተዉት። ሲጠፋ ንቀሉ፣ ተመልሶ ሲረጋ ሰኩ። ጠጋኙ የእኔን ቦርድ የበላው ይህ እንደሆነ ይጠረጥራል፤ በዚያች ሌሊት መብራቱ ሦስት ጊዜ ሄዶ መጥቷል።

እኔ በመጨረሻ አዲስ ገዛሁ። የቦርዱ ጥገና ከግማሽ በታች ነበር፤ ግን ጠጋኙ ልጅ ራሱ "ሾርቱን ባነሳውም ለስንት ወር እንደሚቆይ ማረጋገጫ አልሰጥህም" አለኝ፣ ለቅንነቱ አመሰገንኩት። የሞተው ስልክም ዋጋ አለው፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ስክሪኑ፣ ካሜራውና መሰኪያው ለመለዋወጫ ይሸጣል። ፎቶዬና መልእክቴ ያለበትን ቦርድ አስነቅዬ ለራሴ አስቀረሁ፣ የቀረውን እሱ ገዛኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ለመስታወት መከላከያ ጠጋኙ ጋ ስሄድ አንድ ተማሪ ስልኩን ተቀብሎ ሲወጣ አገኘሁት። ስክሪኑ ሲበራ ከላይ በስተቀኝ ያለችውን ጭረት አየኋት፤ በቁልፍ ያስጫርኩት እኔው ነበርኩ።